ገመዱ የበላው

ሐሙስ ገበያው አልፎ፣ ዓርብ ዕለት በጠዋት፣
የአባቴን ብስክሌት እየገፋሁ ወሰድኳት።
ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ጎማ ከዛፍ ሰቅሎ፣
ተቀምጧል ጧሃ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ።
«ፍሬኗ ይጮሃል፣ ሰው ይስቅብኛል» አልኩት።
መልስ የለም።
መሪዋን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፣
ወደ ግራ መለሰው፣ ደግሞ ጠመዘዘው፤
አንገቷ ሥር አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው።

አረንጓዴው አልቆ፣ ብረቱ ገጥጦ የወጣበት፣
የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ፤
የፍሬኑ ገመድ ሲመጣ ሲሄድ የተሻሸበት፣
ጠርዙ ላይ ዝገት፣ እንደ ሻይ ጠብታ።

«ገመዱ ነው የበላው?»
«ገመድማ ምን ጥርስ አለው? ላስቲክ የለበሰ፤
ትቢያ ነው መሃል ገብቶ ብረት የቀመሰ።
በጋ አቧራውን ያቀብለዋል፣ ክረምት ጭቃውን ያቦካለታል፣
መሪ በዞረ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።
ሁለት ነገር ቢነካካ ምንም አይል፣ መሃሉ ንጹሕ ከሆነ።»

ስለ ገመድ ነው ያለው።
ይህችን ብስክሌት ለቁራሌው እንሽጣት ካለ ወዲህ፣
ከወንድሜ ጋር ከተዘጋጋን ሁለት ዓመት ማለፉን
ጧሃ ከየት ሊያውቀው።

ብስክሌቷን ገልብጦ፣ እንደገና አይቶ፣
«ግራዋ ደህና ነው» አለኝ፣ በጣቱ ነክቶ፤
«ሰውየው ቀኝ ቀኙን ብቻ ነበር እንዴ የሚሄደው?»

አባቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር።
ከመንደራ እስከ ጊንጆ፣ ከጊንጆ ጅሬን ዳገት፣ በር በበር።
እስክሪብቶ ጆሮው ላይ፣ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
አጥር ላይ ያስደግፋታል፣ መሪዋን ወደ ቀኝ ቆልምሞ ጥሎ፤
ቁጥሩን አንብቦ ይመለሳል፣ ያቀናታል፣ ይሄዳል፣
ቀጣዩ አጥር ላይ ደግሞ ይቆለምማታል።
አንድ አጥር፣ አንድ ፍቅታ።
በቀን ስንት አጥር? በዓመት? በሃያ ስድስት ዓመት?
ሒሳቡን ጀምሬ ተውኩት።
እሱ የሰው ውሃ ሲያነብ፣ በዝናብ በፀሐይ፣
እሱን የሚቆጥር ገመድ ነበረ፣ ከአንገቷ ላይ።

«ልፋቀውና ልቀባው፤ አዲስ ትሆንልሻለች።»
«አይፋቅ።»
«ይዝጋል እኮ!»
«አይዝግም፣ አይፋቅምም።»
ጧሃ ሳቀ። ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል።

ከጎኑ ካለው ጸጉር ቤት፣ ከሙኒራ፣
መልክ የሌለው የጥፍር ቀለም ለመነ፣ ስሟን እየጠራ።
መጀመሪያ ግን በኦሞና በጥርስ ብሩሽ አጠባት፤
«ትቢያ ላይ ፕላስተር መለጠፍ፣
ሌባን ከነጩቤው ቤት ውስጥ መቆለፍ!»
በጨርቅ አደረቀ፤ ሁለቴ ቀባ፤ እፍ፣ እፍ አለበት፣
ጉልበቱ እንደተላጠ ሕፃን።
ከዚያ ካረጀ ከመነዳሪ ቆርጦ፣ እንደ ቅጠል አሹሎ፣
ገመዱን አለበሰው፣ በክር አስሮ፣ አስተካክሎ።
ገመዱም ረዝሞ ኖሯል፤ ሁለት ጣት ያህል አሳጠረው።
«ይበቃል፤ ከዚህ ካጠረ፣ መሪ ስታዞሪ ፍሬን ይይዝሻል፤
ትንሽ ልቅ ይሁን፤ የተወጠረ ይበጠሳል።»

መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ።
ወደ አዌቱ ድልድይ ቁልቁል ለቀቅኳት፣ ባጃጅ ከኋላ እየነፋ፤
አንገቷ ሥር የለመድኩት ጭርጭርታ ጠፋ።
ድልድዩ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ።
ሲጥጥጥ!
ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሁሉ ቀና አሉ።
የሄድኩበትን ጉዳይ ለካ እኔም ጧሃም
ከነጭራሹ ረስተነዋል።

ቤት ደረስኩ። አጥሩ ላይ አስደገፍኳት።
እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣
መሪዋን ወደ ቀኝ ቆለመመው።